የቁርቁራ አረፋ

ቄስ ገብረ አምላክ ቅናተኛ መሆኑን የማያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ራሱ ብቻ ነበር። እሱ ጥንቃቄ ይለዋል። ሚስቱ ትሁት ከምንጭ ትንሽ ከቆየች የዳዊት መጽሐፉን እንደያዘ አፋፉ ላይ ብቅ ይላል፤ ዓይኑ መዝሙሩ ላይ ሳይሆን ቁልቁለቱ ላይ ነው። መንገደኛ ነጋዴ ደኅንነቷን ጠይቆ፣ የእናት የአባቷንም ጨምሮ ከጠየቃት የዚያን ቀን እራት አይበላም። ሠርግ ቤት ከሴቶቹ መካከል ስቃ ድምጿ ከፍ ካለ ማን እንዳሳቃት ሳያጣራ አይተኛም። ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ሴቶቹም ከትሁት ጋር ወደ ምንጭ ሲወርዱ «ቶሎ በሉ፣ ዳዊቱ ሳያልቅ» እያሉ ይሳሳቃሉ።

በሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ቀልድ ሆኖ በቀረ። ቄስ መሆኑ ነው ጣጣው። ቄስ በቁርባን አንድ ጊዜ ያገባል፤ ሁለተኛ የለውም። ሚስቱ ሌላ ወንድ ዐወቀች ከተባለ፣ አብሯት ልኑር ቢል ክህነቱ ይቀራል፤ ልፍታት ቢል ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ሌላ ሴት የለም። ስለዚህ ገብረ አምላክ ጥርጣሬውን ከአፉ ሊያወጣው አይችልም ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ሆዱ ውስጥ አስቀምጦ ሲያብሰለስለው ኖረ። እግዜር ልጅም አልሰጣቸው። ሰው ልጅ ሲያጣ የሚያስበው ብዙ ነው፤ እሱ ግን ያንንም ወደዚያችው ጥርጣሬው ይወስደዋል።

ደብራቸው ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚያወርደው መንገድ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ከአፋፉ ሥር ሞቅ ያለ ሸለቆ አለ። እዚያ ወንዝ ዳር አንድ ትልቅ ቁርቁራ ቆሟል። የትግሬ ነጋዴዎች «ገባ» ይሉታል። ቆላ ቢወርዱ ሞልቷል፤ በዚያ ደብር ግን ያለው አንድ እሱ ብቻ ስለሆነ አገሩ ሁሉ የሱ ባለዕዳ ነው። ቢጫዋን ፍሬ የመከር እህል እስኪወቃ ድረስ እንደ ቆሎ ይቆረጥሟታል፤ ደረቋን ወቅጠው ለክፉ ቀን ያስቀምጣሉ። እሾኻም ቅርንጫፉ የበረት አጥር ነው። ቅጠሉ ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ድንጋይ ላይ ወቅጠው ውሃ ጠብ ሲያደርጉበት እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ሙሽራ በሠርጓ ዋዜማ ጠጉሯን የምትታጠበው በሱ ነው። ቁስል የወጣበት ይታጠብበታል፤ የሞተም ሳይገነዝ በፊት ገላው በሱ ይለቀለቃል። ትሁት ያደገችው ቆላው ውስጥ፣ ጽጽቃ ስለሆነ የቁርቁራ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ሙሽራ ሆና ደጋ ስትወጣ ያችን አንዲት ዛፍ ከሩቅ አይታ ያገሯን ሰው ያገኘች ያህል ደስ እንዳላት ብዙ ጊዜ ለባሏ አውርታለታለች። እሱም ይህን በሰማ ቁጥር ያገሯ ሰው ማን እንደሆነ ይጠይቅ ነበር።

እንግዲህ በጥር ወር፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፣ ገብረ አምላክ ከቅዳሴ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ከሚስቱ እጅ የቁርቁራ ቅጠል ሸተተው። ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነዋል። ጠጉሯን ታጥባ ይሆናል ብሎ ቀና ብሎ አየ። ሹሩባዋ ባለፈው ሳምንት እንደተሠራው ነው፤ ውሃ የሚባል አልነካውም። ዓርብም ያው ሽታ መጣ። በሚቀጥለው ረቡዕ እንደገና። የጾም ቀን ቅዳሴው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚሄድ እሱ መቅደስ ውስጥ ታስሮ የሚውለው ረቡዕና ዓርብ ነው። ይቺ ሴት የምትወርደውም ልክ በነዚያ ቀኖች ነው። አንድ ጥያቄ ልቡ ውስጥ ገብታ እንደ እሾህ ተሰነቀረች፦ የራሷን ጠጉር ካልታጠበች የማንን ጠጉር ነው የምታጥበው?

በጥያቄው ላይ ደግሞ ፍሬው ተጨመረ። ትሁት ከሸለቆው ስትመለስ በነጠላዋ ጫፍ ቁርቁራ ቋጥራ ታመጣለታለች። የበሰለ የበሰለውን መርጣ፣ ጾሙን ሲፈታ እንዲቀምሰው ከፊቱ ታኖርለታለች። ሌላ ባል ቢሆን ይመርቃት ነበር። እሱ ግን አንዷን ፍሬ አንስቶ በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ፣ ይህ ከማን የተረፈ ነው ይላል በሆዱ። ቢጠይቃት ዓይኗን ሰበር አድርጋ «አሁን አይጠይቁኝ። ኋላ ራሴ እነግርዎታለሁ» ብቻ አለችው። ፊቷም ቀላ። የዚያን ለታ ፍሬውን ሳይቀምስ አደረ።

የሚስቱን የሆዷን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ የነፍስ አባቷ አባ ገብረ ጻድቅ። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥርስ የሌላቸው፣ መቋሚያ ተደግፈው የሚሄዱ መነኩሴ ናቸው። ገብረ አምላክ አንድ ቀን ወደ ጎጇቸው ሄደና ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጣሪያቸው ሲያወራ ቆይቶ እግረ መንገዱን የመጣለት አስመስሎ የትሁት ነገር እንዴት ነው አላቸው። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«አንተም ቄስ ነህ። የሚጠየቀውንና የማይጠየቀውን ታውቃለህ» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳቸውም ቀና። ጉድ ነው መቼም። አንድ እግራቸው መቃብር የገባ ሰውዬ ሚስቴ የደበቀችኝን ያውቃሉ፣ እኔ ባሏ አላውቅም እያለ በገዛ ደብሩ አባት ላይ ቂም ያዘ። ትሁት ልትናዘዝ ስትሄድ የምትቆይበትን ጊዜ በጥላ መለካት ጀመረ። ጥላው ከግንቡ እስከ ደወሉ ከሄደ ኃጢአቱ ብዙ ነው ማለት ነው።

ጥር ሊያልቅ ሲል የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጡ። ወደ ዝቋላ ቆላ የሚወርዱ ናቸው፤ መድኃኒቱን የጫኑት በቅሎዎች እስኪደርሱ ሸለቆው ውስጥ ወንዙ ዳር ድንኳን ተክለው ተቀመጡ። ሦስት ነበሩ። አንደኛው ከደብረ ታቦር የመጣ ሎጋ ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ ጫማውን አጥብቆ አስሮ ሲሄድ ያገሩ ሴቶች እንስራቸውን እያስተካከሉ ያዩታል። ያ ሰው ከቁርቁራው ሥር ተቀምጦ ፍሬ ሲበላ አንድ ሁለት ሰው አይቶት ኖሮ ወሬው ደጀ ሰላም ደረሰ። ያወራው ሰው የቆላ ፍሬ የሚወድ የመንግሥት ሠራተኛ አየሁ ብሎ ለመሳቅ ነበር። ሌላው ሁሉ ሳቀ። ገብረ አምላክ አልሳቀም።

በሚመጣው ዓርብ ሆዴን ቆርጦኛል ብሎ ተራውን ለሌላ ቄስ ሰጠና ወደ ሸለቆው ወረደ። ውሸቱ በዚህ ጀመረ። ከዛፉ ሥር ሲደርስ ማንም የለም። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የተወቀጠ ቅጠል ዝቃጭ አለ፤ ገና እርጥብ ነው። አጠገቡ የሚስቱ ባዶ እግር ዱካ አለ፤ ትንሿ ጣቷ ወደ ውጭ ስለምትል ያውቀዋል። ከሱ ጎን የጫማ ዱካ። ከጫማው ዱካ ፊት ደግሞ የተበላ ቁርቁራ ዘር ተከምሯል። እንግዲህ ፍረዱ፤ የተማረ ሰው፣ ታቦት የሚያከብር ካህን፣ ተንበርክኮ ዘር ቆጠረ። አርባ አንድ ሆነ። እግዚኦታ የሚደርሰውን ያህል። ሆዱ በጾም ቀን አንድ ሰው ብቻውን አርባ አንድ አይበላም፣ ሁለት ሆነው ነው አለው። ሰውዬው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን፣ ምሳውን ዛፍ ሥር የሚበላ መንገደኛ መሆኑን፣ የጠዋቱ ዱካና የቀትሩ ዱካ አንድ አሸዋ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ አላሰበም። ቅናት የያዘው ሰው የሚፈልገውን ካገኘ ወዲያ አያስብም።

ያን ጊዜ ካኪ ለባሹ ከወንዙ ወጣ። ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ከጠጉሩ ውሃ ይንጠባጠባል።

ገብረ አምላክ ዓይኑ ደም ለበሰ። ጠጉሩን ታጥቧል። የማንን ጠጉር ታጥባለች ብሎ ሳምንታት ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው፣ መልሱ ውሃ እያንጠባጠበ መጣለት። ሰውዬው ቄስ መሆኑን እንዳወቀ ጠጋ ብሎ እጅ ነሣና ይባርኩኝ አለ። ገብረ አምላክ መስቀሉን አወጣ፤ ጥርሱን ነክሶ አሳለመውና ስሙን ጠየቀው። ፈንታሁን እባላለሁ አለ ሰውዬው። ከዚያም በትሕትና ቁርቁራ ከኪሱ አውጥቶ ይቅመሱ አባቴ አለው። ገብረ አምላክ ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ያዘው።

እሑድ ቅዳሴ አልገባም። ቂም ይዞ መቅደስ መግባት እንደማይቻል ያውቃል፤ ያን ያህል ፈሪሃ እግዚአብሔር አልጠፋውም። በውጭ ቆሞ አስቀደሰ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሰንበቴ ላይ ሲቀመጥ የደብሩ ገበዝ መሪጌታ ደጅይጥኑ ምነው ዛሬ መቅደስ አልገባህም ብለው በሰው ፊት ጠየቁት። አመመኝ ማለት ይችል ነበር። ዓርብ ብሎት የለ? ግን አምስት ዓመት ሲጠራቀም የኖረ ነገር እንደ ደፈረሰ ጎርፍ ነው፤ አንዴ ከፈነዳ የሚመልሰው የለም።

«ሚስቴ ከወባ መድኃኒት ረጪው፣ ከፈንታሁን ጋር ተይዛለች» አለ ገብረ አምላክ። «ሸለቆ ውስጥ ቁርቁራው ሥር ይገናኛሉ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ትሁት ከሴቶቹ መካከል ቀስ ብላ ተነሣች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ዙሪያዋን አየችና «ፈንታሁን ማነው?» አለች።

አንዳንዱ ይህን ብልጠት አደረገው። ገብረ አምላክ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ብልጠት አደረገው። አባ ገብረ ጻድቅ ከተቀመጡበት ሊነሡ ሞከሩና መልሰው ተቀመጡ፤ የሚያውቁትን በኑዛዜ ነው ያወቁት፤ ቢቆራርጧቸውም ከአፋቸው አይወጣም። መሪጌታ ደጅይጥኑ ሥርዓቱን አወጁ። ነገሩ እስኪጣራ ገብረ አምላክ ከመቅደስ አይገባም፤ በሚመጣው እሑድ ሴትዮዋም ሰውዬውም የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ይምላሉ። ትሁት ያን ሳምንት ደናግል መነኮሳት ዘንድ ሰነበተች። ገብረ አምላክ ባዶ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ክህነቴ ሊሄድ ነው ብሎ ፈራ፤ ከዚያ ደግሞ አሁን የት ተቀምጣ ማንን እያሰበች ይሆን ብሎ ቀና። ሁለቱ እየተፈራረቁ እህል አላስበሉትም።

እሑድ ፈንታሁን መጣ። አፍሯል። ካኪው ታጥቦ ተተኩሷል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። መሪጌታ ይቺን ሴት ታውቃታለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ቀና ብሎ የተደረደሩትን ሴቶች ከዳር እስከ ዳር አየና የትኛዋን ነው አላቸው። ሰው ሳይወድ ሳቀ። ገብረ አምላክ ግን የሳቁትን ሁሉ በዓይኑ መዘገባቸው።

ሁለቱን ከበሩ አቆሟቸው፤ ትሁትን በቀኝ፣ ፈንታሁንን በግራ። መካከላቸው አንድ ክንድ አይሞላም። ትሁት በሩን ይዛ፣ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ፣ ከባሏ በቀር ወንድ እንደማታውቅ ማለች። በምትምልበት ጊዜ ፈንታሁን አንገቱን ዞር አድርጎ አያት። ሌላ ሰው ያላየውን ያችን አስተያየት ገብረ አምላክ አያት። ፈንታሁን ቀጥሎ ማለ። ይቺን እመቤት ዛሬ ገና ማየቴ ነው አለ፤ በኔ ምክንያት ስለ ደረሰባት ውርደትም ሳልበድል ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ።

ይኼኔ ከቅጥሩ ውጭ አንዲት ሴት ድምጿን አሰማች። ወለተ ሐና ትባላለች። ገላዋን ቁስል ስለጨረሰው ሰው ሸሽታ ከሸለቆው ወዲያ ብቻዋን የምትኖር ባልቴት ናት። ገብቼ ልናገር አለች፤ ተፈቀደላት። አንድ እጇ በጨርቅ ታስሮ ደረቷ ላይ ነው። ነጠላዋን ከራሷ ስትገልጠው ቁስሉ ጠግጎ፣ ጠጉሯ ንጹሕ ሆኖ ታየ።

«በታኅሣሥ ውሃ ልቀዳ ብዬ ምንጩ ዘንድ ብመጣ ይቺ ልጅ በሽታዬን ፈርታ ድንጋይ ወረወረችብኝ» አለች ወለተ ሐና። «ስሸሽ ወደቅሁ፣ እጄም ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ እየመጣች ቁርቁራ ወቅጣ ራሴንም ገላዬንም የምታጥበኝ እሷ ናት። ለማንም አትንገሪ ብላኝ ነበር፤ ቀኖናዬ ነው ብላኝ ነበር። ዛሬ ግን ዝም ብል እኔ ነኝ ኃጢአተኛዋ።»

አባ ገብረ ጻድቅ በመቋሚያቸው ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ሴቶቹም እንደዚያው። ገብረ አምላክ አሁን ገባው። በከንቱ አልነበረም እንግዲህ ሚስቱ ያኔ ፊቷ የቀላው፤ ያፈረችው በዚያች ድንጋይ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚገባውን አዘዙት። ትልቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ በሕዝብ ፊት እያጎነበሰ ሄዶ ከሚስቱ እግር ሥር ወደቀ። ማሪኝ አለ። እውነቱን ነበር፤ የዚያን ሰዓት ልቡ ፈጽሞ ተሰብሯል።

ትሁት ድንጋዩን በገዛ እጇ አወረደችለት። ይቅር ብዬዎታለሁ አለችው። ሕዝቡ እልል ሊል ነበር።

«ቤትዎ ግን አልመለስም» አለች።

ሽማግሌዎች ደነገጡ፤ መሪጌታም ተቆጡ፤ ይህን ምስኪን በሠላሳ አራት ዓመቱ ልታመነኩሺው ነው ወይ አሏት። ገብረ አምላክ እግሯን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ ትሁት፣ ካንቺ ወዲያ ሴት የለኝም፣ ታውቂዋለሽ አላት።

«አውቃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ምንጭ ስወርድ ዓይንዎ ጀርባዬ ላይ ነበር። ስስቅ የሚጠይቁኝን እያሰብሁ ነው የምስቅ። እርስዎ የፈሩት ለክህነትዎ ነበር፤ ይኸው ክህነትዎ ንጹሕ ነው፣ በመሐላዬ መልሼልዎታለሁ። እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ መሄድ አማረኝ።»

እግሯን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣችና የዚያኑ ቀን የጽጽቃን መንገድ ይዛ ወረደች። ገብረ አምላክ አፋፉ ላይ ቆሞ እስክትሰወር ድረስ አያት። ከለመደው ቦታ፣ በለመደው ዓይኑ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞራ አላየችም።

እሱም በሥርዓቱ ክህነቱ ተመለሰለትና መቅደስ ገባ። ብቻውን ይቀድሳል፣ ብቻውን ይበላል። ቤቱን የሚጠርግለት ስላልነበረ ብዙ ጊዜ ደጀ ሰላም ያድራል። ሰዎች አሁን እንኳ ዐረፈ አሉ፤ የሚጠብቃት ከሌለች ምን ይቀናል? አላወቁትም። ከጽጽቃ የሚመጣ ነጋዴ ባየ ቁጥር ስለ ገበያ፣ ስለ ማሽላ፣ ስለ ፍየል ዋጋ ይጠይቅና እግረ መንገዱን የመጣለት አስመስሎ የትሁት ነገር እንዴት ነው ይላል። አባቷ ቤት ናት ይሉታል። ያን ሌሊት ይተኛል።

በዓመቱ ግድም አንድ አሞሌ የጫነ ነጋዴ ሌላ ወሬ ይዞ መጣ። ፈንታሁን ለርጭት ጽጽቃ በወረደ ጊዜ የትሁትን አባት ቤት አጠያይቆ ሄዶ ኖሯል። በኔ ስም ልጅዎ ተዋርዳለች፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ ብሎ። አባትየው ሰው ማክበር የሚያውቁ ናቸው፤ አስቀመጡት፣ አበሉት። በሁለተኛው ርጭት እንደገና መጣ። በሦስተኛው ሽማግሌ ላከ። ቁርባኗ ፈርሶ ከሥጋ ወደሙ እንደምትርቅ እያወቀች፣ አልቅሳ፣ አባ ገብረ ጻድቅን በመልእክተኛ አስፈቅዳ ሳይሆን አሳውቃ፣ በሰማንያ አገባችው።

ገብረ አምላክ ወሬውን ሰምቶ ወደ አባ ገብረ ጻድቅ ጎጆ ሮጠ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ላቡ በግንባሩ እየወረደ ቆመባቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ደስታ ይመስል ነበር፤ ተፈርዶበት ኖሮ በይግባኝ የረታ ሰው ይመስል ነበር።

«አላልሁም?» አላቸው። «አላልሁም ነበር? ሁላችሁ ሳቃችሁብኝ። አሁን ማን እውነተኛ ሆነ?»

አባ ገብረ ጻድቅ አጠገባቸው እንዲቀመጥ በመቋሚያቸው ጫፍ አመለከቱት።

«ከሰቆጣ እስከ ተከዜ ስንት ወንድ አለ፣ ልጄ» አሉት። «ከዚያ ሁሉ አንዱን መርጠህ፣ ስሙን ነግረሃት፣ ከቤተ ክርስቲያን በር ጎን ለጎን ያቆምህላት አንተ ነህ። አጋቢያቸው አንተ ነህ።»

ገብረ አምላክ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፀሐይዋ ወደ ማዶው ተራራ እስክታዘነብል ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ። ለመሄድ ሲነሣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ይቀናባታል?»

«ኧረ የለም» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ወር ሙሉ ቆላ ለቆላ ነው የሚዞር። እሷ ብቻዋን ገበያ ትወጣለች፣ ብቻዋን ትመለሳለች አሉ። የት ዋልሽም አይላት።»

ቄስ ገብረ አምላክ ያለቀሰው ይህን ሲሰማ ነው።